ከፖቶማክ እስከ ማያሚ፦ ጀልባ ላይ እየኖሩ የባሕር ዳር ከተሞችን ማየት

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጀልባቸውን ቤታቸው አድርገው ከከተማ ከተማ የሚዘዋወሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። መኸር ሲገባ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ፀደይ ሲመጣ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። የሚሄዱበት መንገድ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ ይባላል። ወንዙ፣ ወሽመጡ፣ ረግረጉና በሰው እጅ የተቆፈረው ቦይ ተቀጣጥለው የሠሩት የውስጥ የውሃ መንገድ ነው። ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ላይ ከ0 ይነሳና ማያሚ ላይ 1,090ኛው ማይል አካባቢ ያደርሳል። ማይሉ የመኪና መንገድ ማይል እንጂ የባሕር ማይል ስላልሆነ፣ በ6 ኖት (በሰዓት 6 የባሕር ማይል) የሚጓዝ ጀልባ በሰዓት ወደ 7 ማይል ይቆጥራል።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖር አበሻ ይህ መንገድ ከደጁ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ደቡብ ምዕራብ ዲሲ፣ ዋርፍ በሚባለው ሰፈር፣ ዓመቱን ሙሉ ጀልባቸው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ከዚያ በፖቶማክ ቁልቁል ወደ 100 የባሕር ማይል ገደማ ሲወርዱ የቼሳፒክ ወሽመጥ ይገባል፤ ቼሳፒክን ወደ ደቡብ ሲይዙ ኖርፎክ ይደረሳል። እዚህ የምጽፈው ከ33 እስከ 40 ጫማ ርዝመት ስላለው፣ የናፍጣ ሞተር ስላለውና ሁለት ሰው ስለሚኖርበት የሸራ ጀልባ ነው።

ሰው የከተሞቹን ስም ደርድሮ ቀን ቆርጦ ይነሳል። ጉዞው የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው። የት እንደምታድሩ የሚወስኑት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ጀልባው ከውሃ በታች ምን ያህል ይጠልቃል፣ ከውሃ በላይ ምን ያህል ይቆማል፣ የመጸዳጃ ታንኩ ስንት ቀን ያቆያል። ቀኑን የሚወስነው ደግሞ የአየሩ ጠባይ ነው። ወዳጅ ዘመድ መጥቶ እንዲያገኛችሁ ከፈለጋችሁ ወይ ከተማውን ንገሩት ወይ ቀኑን፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቃል አትግቡ። የአውሮፕላን ትኬት የተቆረጠለትን እንግዳ ለማግኘት ሲባል በመጥፎ አየር መውጣት ብዙ ጀልባ አሰብሯል።

ጥልቀትና ቁመት

መንገዱ በወረቀት ላይ እስከ ፎርት ፒርስ፣ ፍሎሪዳ 12 ጫማ፣ ከዚያ እስከ ማያሚ 10 ጫማ ጥልቀት አለው። በተግባር ግን ከውቅያኖሱ የሚገባው አሸዋ በየመግቢያው አጠገብ ይከመራል፤ መንገዱን የሚጠርገው የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች መምሪያም ሁሉንም ባንዴ አይደርስበትም። እስከ 5 ጫማ የሚጠልቅ ጀልባ ያለ ብዙ ጭንቀት ያልፋል። 6 ጫማ የሚጠልቅ አንዳንድ ቦታ የባሕሩን ሙላት መጠበቅ አለበት። ከዚያ በላይ ለሆነ ጀልባ ብዙውን መንገድ በውቅያኖስ በኩል መሄድ ይሻላል።

ቁመት ላይ ቀልድ የለም። የማይከፈቱት ድልድዮች አማካዩ ሙላት ላይ 65 ጫማ ክፍተት እንዲኖራቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ከዚህ የሚያንሱ ሁለት አሉ፦ ሰሜን ካሮላይና ያለው ዊልከርሰን 64 ጫማ፣ ማያሚ ያለው ጁሊያ ተትል 56 ጫማ። የጀልባችሁን ቁመት ከአምራቹ ወረቀት አትውሰዱ፤ ወረቀቱ አንቴናውን፣ የንፋስ መለኪያውንና ጫፍ ላይ ያለውን መብራት አይቆጥርም። ሜትሩን በሸራ መጎተቻው ገመድ ምሰሶው ጫፍ ድረስ ስቡትና እስከ ውሃው ወለል ለኩ። የሰሜን ካሮላይና ሰፋፊ ወሽመጦች ሌላ ጠባይ አላቸው፦ እዚያ ውሃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ጨረቃ ሳይሆን ንፋስ ነው። ንፋሱ ከአንድ አቅጣጫ ሁለት ቀን ከነፈሰ የሙላት ሰንጠረዡ የማያውቀው ውሃ ድልድዩ ስር ይቆማል። ስለዚህ ድልድዩ እግር ላይ የተተከለውን የቁጥር ሰሌዳ አንብባችሁ እለፉ።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቀዩ በስተቀኝ፣ በየብሱ በኩል ይሆናል። ችግሩ መንገዱ ወደ ውቅያኖስ የሚያወጣ በር ሲያቋርጥ ነው፤ እዚያ ቀይና አረንጓዴው ከባሕር ለሚገባው መርከብ ስለሚተከል ሊገለበጥባችሁ ይችላል። መፍትሔው ምልክቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቢጫ ቅርጽ ማየት ነው፦ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሁልጊዜ በቀኝ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን ሁልጊዜ በግራ። የምልክቱ ቀለም ምንም ይሁን ምን ቢጫዋን ተከተሉ።

የመጸዳጃ ታንክ

ከዳርቻው 3 የባሕር ማይል ሳይርቁ ያልታከመ እዳሪ ወደ ውሃ መልቀቅ ክልክል ነው፤ የውስጡ መንገድ ደግሞ በሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ወደ ውጭ የሚያወጣው ቫልቭ ተዘግቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በቁልፍ መታሰር አለበት፤ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኮስት ጋርድ ለፍተሻ ሲሳፈር ይህን ያያል።

በእጅ የሚገፋው ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ 2 ወይም 3 ሊትር ይወስዳል። ሁለት ሰው በቀን ከ15 እስከ 20 ሊትር ይሞላል፤ የ100 ሊትር ታንክ ከ5 ወይም ከ6 ቀን አያልፍም ማለት ነው። ታንኩ በሞላ በ6ኛው ቀን ሳይሆን በ4ኛው ቀን መምጠጫ ያለበት ቦታ እንድትደርሱ አድርጉ፤ መምጠጫው ተበላሽቶ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነውና። ብዙዎቹ መምጠጫዎች በፌደራል ድጎማ የተሠሩ ስለሆኑ ክፍያቸው 5 ዶላር ገደማ ነው፤ በነፃ የሚሰጥም አለ።

ሽታ ከመጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከታንኩ ሳይሆን ከቱቦው ነው። በሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቱቦው ላይ ጠቅልላችሁ ሲቀዘቅዝ ጨርቁን አሽቱት፤ ከሸተተ ቱቦው ጠጥቷል፣ መቀየር እንጂ ማጠብ አያድነውም። የታንኩን መተንፈሻ ቀዳዳም እዩ፦ ሸረሪት ወይም ጨው ከደፈነው በመምጠጫው ጊዜ አየር ስለማይገባ ታንኩ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ሽንትና የባሕር ውሃ ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ የመሰለ ነገር ይጋግራሉ፤ በሳምንት አንዴ ግማሽ ሊትር ኮምጣጤ ማሳለፍ ይህን ያዘገየዋል።

መብራት፣ ውሃና ምጣዱ

ማሪና (የጀልባ ማሰሪያ ወደብ) ላይ የተለመደው የመብራት መስመር 30 አምፕ፣ 120 ቮልት ነው፤ 3,600 ዋት ይሆናል። ሳይቋረጥ የሚጎተተው ግን ከ80 በመቶው ማለፍ የለበትም፤ 2,880 ዋት ማለት ነው። የውሃ ማሞቂያው ብቻውን 1,500 ዋት፣ የክፍል ማሞቂያው 1,500፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ወደ 1,400 ይወስዳል። ሦስቱ አንድ ላይ አይሄዱም። እንጀራ የምትጋግሩ ቀን የውሃ ማሞቂያውን ከብሬከሩ አጥፉና ጀምሩ።

ከገመዱ ይልቅ የሚያቃጥለው መሰኪያው ነው። ጨው የነካው ወይም የላላ የመሰኪያ ጥርስ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይነዳል። ከባድ ነገር ግማሽ ሰዓት ካሠራችሁ በኋላ የመሰኪያውን ጫፍ በእጃችሁ ንኩ፤ ለብ ካለ ይሁን፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ አጥፉ። ቡናማ ምልክት የታየበት መሰኪያ ይጣላል፤ በአሸዋ ወረቀት አይታደስም።

መልህቅ ላይ ስትሆኑ ሒሳቡ ይለወጣል። የ12 ቮልት ፍሪጅ በቀን ከ40 እስከ 60 አምፕ-ሰዓት ይበላል፤ መብራት፣ ስልክ፣ የውሃ ፓምፕና የመርከብ መሣሪያው ሲጨመር ከ100 እስከ 150 ይደርሳል። የአሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ ከተጠቀማችሁበት ዕድሜው ያጥራል፤ ሊቲየሙ እስከ 80 በመቶው ይሰጣችኋል። ሊቲየሙን ግን ከሞተሩ ዲናሞ ጋር በቀጥታ አታገናኙት። ሊቲየም የሰጡትን ሁሉ ስለሚውጥ ዲናሞው ሙሉ ኃይሉን ያለ ዕረፍት ሲሰጥ ይቃጠላል፤ መሃል ላይ የሚመጥን ቻርጀር ይግባ። ከዜሮ ዲግሪ በታችም ሊቲየም አይሞላም፤ ለዲሲ ክረምት ይህን አስቡበት።

ስለ እንጀራ እዚሁ ልጨርስ። 12 እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ ሲግል ከሚወስደው ጋር አንድ ኪሎ ዋት-ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ በ12 ቮልት ባትሪ ከ80 እስከ 90 አምፕ-ሰዓት ነው። መልህቅ ላይ ይህ የቀኑ መብራታችሁ አብዛኛው ማለት ነው፤ የባትሪውን ኃይል ወደ 120 ቮልት ከሚለውጠው ኢንቨርተር ገመድ ላይም ከ120 አምፕ በላይ ይጎትታል። ስለዚህ ማሪና ላይ ጋግሩ፣ ሦስት ሦስቱን አጥፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሊጡን የሞተሩ ሙቀት በሚደርስበት ቁም ሳጥን ውስጥ ብታኖሩት በኅዳር ብርድም ይቦካል፤ ክዳኑን ግን አታጥብቁት፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ዕቃው ከግማሽ በላይ አይሙላ፤ ጀልባው ሲያጋድል ሊጡም ያጋድላል። በምትጋግሩበት ጊዜ የጣሪያውን መስኮት ክፈቱ፤ የምጣዱ እንፋሎት ፍራሽ ስር ገብቶ ሻጋታ ይሆናል። ፍራሹ ራሱ ከስሩ አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ካልተደረገለት ያለ እንጀራውም ይሻግታል።

ቡናና ከሰል ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ጀልባ ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም። ለዕጣንም ቢሆን፣ በርና መስኮቱ ቢከፈትም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የጀልባ ክፍል ደግሞ ጠባብና ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ቡናውን በጋዝ ምድጃው ወይም በኤሌክትሪክ ቁሉት፣ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ አጭሱ፤ በየመኝታ ክፍሉም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ስቀሉ። የጋዙ ሲሊንደር የሚቀመጥበት ሳጥን ከስሩ ወደ ውጭ የሚያፈስ ቀዳዳ ይኑረው፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ከፈሰሰ የጀልባው ወለል ስር ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል።

ዲሲ ላይ ሌላም አደጋ አለ። ፖቶማክ እዚያ ጨው የሌለው ውሃ ነው። ከአንዱ ጀልባ የተበላሸ ሽቦ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ካፈሰሰ፣ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ከውሃው ይልቅ የሰው አካል ይሻለዋልና በዋናተኛው ውስጥ ያልፋል። ጡንቻን ለማሰር ትንሽ ፍሳሽ ይበቃል፤ ዋናተኛው ሳይጮህ ይሰምጣል። ማሪና ውስጥ ማንም አይዋኝ፣ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት እንኳ።

ይኸው ውሃ ከጀልባው ስር ያለውን ብረትም ይመለከታል። በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የሚታሰረው፣ ሌላው ብረት እንዳይበላ እሱ እየሟሟ የሚያልቀው አኖድ፣ ጨው አልባ ውሃ ላይ ማግኒዚየም፣ ጨዋማ ላይ ዚንክ ይሆናል። ማግኒዚየም እንደታሰረ ወደ ባሕር ከወጣችሁ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ ዚንክ ወንዝ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ቅርፊት ያበጅና ሥራ ያቆማል። ለዚህ ጉዞ የሚመቸው በሁለቱም የሚሠራው አሉሚኒየም ነው። ግማሹ ሲያልቅ ይቀየር።

የመጠጥና የመታጠቢያ ውሃ ላይ ሁለት ሰው ቆጥቦ በቀን 25 ሊትር ሊበቃው ይችላል፤ ሳይቆጥብ 100 ይጨርሳል። ዕቃ በባሕር ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቅ፤ ወደብ አጠገብና ወንዝ ውስጥ ግን ይህን አታድርጉ።

ሞተሩ

ከኖርፎክ እስከ ማያሚ በሞተር ብቻ ቢሄዱ ወደ 160 ሰዓት ይሆናል። ከ30 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ያለው ናፍጣ ሞተር በሰዓት ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ስለሚጠጣ ከ400 እስከ 480 ሊትር ያዙ።

ጠዋት ጠዋት ዘይቱን፣ የማቀዝቀዣውን ውሃና ቺንጋውን እዩ፤ ከውጭ የሚገባውን ውሃ የሚያጣራውን ወንፊት አጽዱ። በዚህ መንገድ ጭቃ፣ ሣርና የባሕር ጄሊ ይበዛል። ሞተሩ እንደተነሳ ጭስ ማውጫው ውሃ እየተፋ መሆኑን ሳታዩ ገመድ አትፍቱ። ውሃው ካነሰ መጀመሪያ ወንፊቱን፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፑን የጎማ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ማዞሪያ) ፈትሹ። ክንፉ ተቆርጦ ከተገኘ አዲሱን ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ የተቆረጡትን ቁራጮች ቆጥራችሁ ፈልጉ። ያልተገኘው ቁራጭ ሙቀት መለዋወጫው አፍ ላይ ተሰንቅሮ በሌላ ቀን ያግለዋል።

ከሁሉ የከፋው የናፍጣ ቆሻሻ ነው። በግማሽ የተሞላ ታንክ ሌሊት ላብ ያወጣል፣ ውሃው ከስር ይተኛል፣ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ተህዋስያን ጥቁር አተላ ይሠራሉ። ፀጥ ባለ ውሃ ላይ ለወራት ላያስቸግር ይችላል። ማዕበል ሲንጠው ግን ተነስቶ ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ስለዚህ ሞተሩ የሚጠፋው ሁልጊዜ በከፋው ቦታ፣ ወደ ውቅያኖስ በሚያወጣው በር ላይ ነው። ቢያንስ 6 መለዋወጫ ፊልትሮ ያዙ፣ ከናፍጣው መስመር አየር ማስወጣቱን ጀልባው ወደብ ላይ ታስሮ ሳለ ተለማመዱ፣ የፊልትሮውን ግልጽ ሳህን በየቀኑ እዩ።

መልህቅ

ወደ 20 ኪሎ የሚመዝን አዲስ ቅርጽ ያለው መልህቅና 50 ሜትር ሰንሰለት ለዚህ መጠን ጀልባ ይበቃል። የሚለቀቀው ሰንሰለት የሚሰላው በአሁኑ ጥልቀት ሳይሆን በከፍተኛው ነው። ጆርጂያ ላይ ባሕሩ ጎድሎ ውሃው 3 ሜትር ቢሆን፣ ሲሞላ 2.4 ሜትር ይጨምራል፣ የጀልባው ግንባር ከውሃው 1.2 ሜትር ከፍ ይላል፤ ድምሩ 6.6 ሜትር ነው። በአምስት ሲባዛ 33 ሜትር ለተራ ሌሊት፣ በሰባት 46 ሜትር ንፋስ ለሚጠበቅበት ሌሊት። 3 ሜትር ብቻ ቆጥሮ 15 ሜትር የለቀቀ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ እየተጎተተ ይነቃል።

መልህቁ መሬት ከነካ በኋላ ሰንሰለቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ዘርጉት፤ ክምር አድርጋችሁ አትጣሉት። ከዚያ ሞተሩን ወደ ኋላ አስገብታችሁ በትንሹ ጎትቱ፣ ቀስ በቀስ ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርጉና አንድ ደቂቃ ያዙ። በጎን በኩል አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ አንድ ምሰሶ አስተካክላችሁ እዩ፤ ከመስመር ካልወጡ መልህቁ ይዟል። ለስላሳ ጭቃ ላይ ወዲያው አትጎትቱት፤ 15 ደቂቃ ይስመጥ። በመጨረሻም 8 ሜትር የናይለን ገመድ ሰንሰለቱ ላይ አስራችሁ ሸክሙን ለገመዱ ስጡት። በነዚህ ጠባብ ወንዞች ውሃው በየ6 ሰዓቱ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ ጀልባው 180 ዲግሪ ይዞራል፤ ከዳርቻውና ከጎረቤት ጀልባ የሚለየው ርቀት ለሙሉ ክብ ይሁን።

መቼና በምን ወረቀት

የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ወቅቱ ሳይገባደድ ከተወሰነ መስመር በስተደቡብ መውረድን ስለማይሸፍኑ ውላችሁን ቃል በቃል አንብቡ። አብዛኛው ሰው ኖርፎክን ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይለቃል። ያኔ የቀኑ ብርሃን 10 ወይም 11 ሰዓት ብቻ ስለሆነ በቀን ከ45 እስከ 50 ማይል በቂ ነው። የቀዝቃዛው አየር ግንባር አመጣጥ ይለመዳል፦ ያልፋል፣ ንፋሱ ዞሮ ከሰሜን ይመጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ይነፍሳል፣ ይረጋል፣ ከዚያ ተገልብጦ ከደቡብ ይነፍሳል። መውጫችሁ እርጋታው ላይ ነው።

የጀልባውን ባለቤትነት በፌደራል መዝገብ ማስገባት የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው በሚኖርበት ስቴት ያስመዘግባል፤ ለዚህ ጉዞ ያ በቂ ነው። ፍሎሪዳ የሌላ ስቴት ምዝገባን ለ90 ቀን ታከብራለች። ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት ኢንሹራንሱንና መኖር የሚፈቅድ ማሪና መኖሩን አረጋግጡ፤ ብዙ ማሪና መኖርን ይከለክላል ወይም ተጨማሪ ያስከፍላል። ላረጀ ጀልባ ኢንሹራንሱ ከውሃ አውጥቶ በባለሙያ ማስመርመርን ይጠይቃል፤ ባይጠይቅም አስመርምሩ።

ከተሞቹ

ኖርፎክን እንደወጣችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጀልባን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው በግሬት ብሪጅ የውሃ በር በኩል የሚያልፈው ሰፊው መንገድ ነው። ሁለተኛው በ1805 የተከፈተው የዲዝማል ረግረግ ቦይ ነው፤ በባርነት ጉልበት የተቆፈረ፣ ረግረጉም ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ለትውልዶች ተደብቀው የኖሩበት። ጥልቀቱ 6 ጫማ ገደማ ስለሆነና ከስሩ ግንድ ስለሚገኝ ከ5 ጫማ በላይ ለሚጠልቅ አልመክረውም። ለሌላው ሁሉ ግን ቀርፋፋ ቢሆንም እመርጠዋለሁ። ከቦዩ ማዶ የሚጠብቀው የአልበማርል ወሽመጥ ጥልቀት ስለሌለው ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ንፋሱ ከ15 ኖት ካለፈ እዚያው እደሩ።

ቻርልስተን፣ 469ኛው ማይል አካባቢ፣ ረጅም ቆይታ የሚገባው ከተማ ነው። የአሽሊ ወንዝ ፍሰት ስለሚበረታ ማሪና ውስጥ የምትገቡት ውሃው በሚያርፍበት ሰዓት ይሁን፤ ቦታ ስትጠይቁም የውጭውን ረጅም መትከያ ጠይቁ። በ2023 የተከፈተው ዓለም አቀፍ የአፍሪካውያን አሜሪካውያን ሙዚየም የቆመው በባርነት የተጫኑ አፍሪካውያን ይወርዱበት በነበረው የጋድስደን ወደብ ላይ ነው። ለእሱ ብቻ ሙሉ ቀን ያዙ። ከቻርልስተን ወደ ደቡብ ስትወጡ ኤልየት ከት የሚባለው ጠባብ ቦይ ከ3 ኖት በላይ ይፈሳል፤ ፍሰቱን ተቃውማችሁ ከመግባት ጠብቁ። ከቦዩ ቀድሞ የሚመጣው የዋፑ ክሪክ ድልድይ በሥራ ቀን የመኪና መጨናነቅ ሰዓት አይከፈትም።

ጆርጂያን ሰው ይፈራታል፤ እኔ የምፈራው የሙላት ሰንጠረዥ ሳያነብ የሚገባን ሰው ነው። ባሕሩ ከ7 እስከ 9 ጫማ ይሞላል ይጎድላል። ሄል ጌት፣ ሊትል መድ ሪቨርና ጀኪል ክሪክ ባሕሩ ሲጎድል ለብዙ ጀልባ አይበቁም፤ በሙላቱ አጋማሽ፣ ውሃው ገና እየጨመረ ሳለ እለፉ። በዚያን ሰዓት ጀልባው መሬት ነክቶ ቢቀመጥ በደቂቃዎች ውስጥ ውሃው ያነሳችኋል። በጉድለት ጊዜ የተቀመጠ ግን ውሃው ወርዶ እስኪመለስ ድረስ በጎኑ ተኝቶ ይውላል። በ1733 የተቆረቆረችውን ሳቫናን ለማየት ወንዙን ይዛችሁ መሃል ከተማ አትግቡ፤ ትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦች እየመጡ ሌሊቱን ከመትከያው ጋር ያላትሟችኋል። ተንደርቦልት ላይ እሰሩና በአውቶቡስ ግቡ፤ 22ቱን አደባባዮች በእግር መዞር አንድ ቀን ይበቃዋል።

ሴንት ኦገስቲን፣ 778ኛው ማይል፣ በ1565 የተመሠረተች ናት፤ ከ1672 እስከ 1695 ከባሕር ዛጎል ድንጋይ የተሠራው ምሽግ ከውሃው ላይ ይታያል። ከተማው የተከላቸው ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች ከማሪና በጣም ይረክሳሉ፣ ወደ የብስ የምትወጡባትን ትንሿን ጀልባ ማሰሪያና ሻወርም አላቸው። በኖቬምበር ስለሚሞሉ ቀድማችሁ ያዙ። የአንበሶች ድልድይ ቀን ቀን በሰዓቱና በሰዓቱ አጋማሽ ነው የሚከፈተው፤ በሬዲዮ መስመር 9 ጠርታችሁ፣ ፍሰቱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ጠብቁ። ፍሰቱ ከኋላ ከገፋችሁ መሪው አይታዘዝም፤ ድልድዩ ሳይከፈት ይደርስባችኋል።

ማያሚ ላይ ቁመታችሁ ከ56 ጫማ የሚበልጥ ከሆነ የውስጡን መንገድ ፎርት ላውደርዴል ላይ ትታችሁ በፖርት ኤቨርግሌድስ ወደ ውቅያኖስ ውጡ፣ በጋቨርንመንት ከት ተመልሳችሁ ግቡ። ከሰሜን የሚነፍስ ንፋስ ካለ ወደ ባሕሩ ርቃችሁ አትውጡ፤ ወደ ሰሜን የሚፈሰው የገልፍ ጅረት (ትልቁ የውቅያኖስ ፍሰት) ከንፋሱ ጋር ሲጋጭ ማዕበሉን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ከዳርቻው ብዙም ሳትርቁ ተጠግታችሁ ሂዱ። ማያሚ ቢች አካባቢ ሌሊት መልህቅ መጣል በሕግ የተከለከለባቸው ቦታዎች ስላሉ ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ውሃ ሁሉ ለማደሪያ አይሆንም፤ የክልከላውን ካርታ ከፍሎሪዳ የዱር እንስሳትና ዓሣ ኮሚሽን ገጽ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት አውርዱ።